ሦስት ክር

ጠባሴ ላይ ውርጭ ነው፤ ገና አልነጋም ሰማይ፤
የቧንቧው ጉሮሮ በበረዶ ታፍኗል፣ ጠብ አይልም ውኃው እስክትወጣ ፀሐይ።
ቫዮሊኔ ማታ ጋቢዬን ተጋርቶ ከጎኔ ያድራል፤
እንጨትም ይበርደዋል፤ ሲበርደው ይከሳል፣ መቃኛው ይላላል፤
ማታ «ላ» ያልኩት ክር፣ ጠዋት ስነካካው ሌላ ስም ይጠራል።

ጣቶቼን በብብቴ፣ ቀጥዬም በሞቀ በሻይ ብርጭቆ ገላ፣
በተራ አሞቃለሁ፤ ትንሿ ሰነፍ ናት፣ ሁሌም ትነቃለች ከእህቶቿ ኋላ።
ደጋኑን ሙጫ ቀባሁ፤ ነጭ ብናኝ ረገፈ በጥቁሩ ልብሴ፤
«ወፍጮ ቤት ነው የዋልሽ?» አሉኝ እመት ስንቄ፤ ሳቅሁኝ ለራሴ።

አምስት እርከን ሽቅብ፣ አምስት እርከን ቁልቁል፣ ደግሞ ከመጀመሪያ፤
ሰው የሚያየው ማታ ቀሚስና መብራት፤
ቀኑን ያየ የለም ከዚህ መስኮት ወዲያ።
አራት ሰዓት ሙሉ አንዲት መታጠፊያ! የጎረቤቱ ልጅ በቃሉ ይዟታል፤
ዘይት ሲላክ ሱቅ እያፏጨ ይሄዳል፣ እኔ የምስታትን እሱ ያስተካክላል።

ከቀትር በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ፦
«ሣጥኑም ይከፈል!»
«ሕፃን ነው» አልኩት።
«ሕፃን ከሆነ ይታቀፍ፤ ዕቃ ከሆነ ግን ከላይ ይጫናል።»
ታቀፍኩት። ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ ግን አልሳቀም፤
ግማሽ ሒሳብ ወሰደ፣ «ሕፃንም ነጻ አይደለም።»

አዳራሹ ሞልቷል፤ ከፊት ሹማምንቱ፣ ከኋላ በርኖሱን የደረበ ሁሉ፤
የወንበሩ ጩኸት፣ የማይኩ ሲርታ፣ «ሃሎ፣ አንድ ሁለት» ሲሉ።
ሦስተኛው ዜማ ላይ፣ አምባሰል መኻል ላይ፣ ጣ! አለ ጆሮዬ ሥር፤
ቀጭኗ ተቀንጥሳ እንደ ድመት ጢም ቆማ ተንቀጠቀጠች ባየር።

መቆም ይቻል ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወጥቶ፤
እጄ አላማከረኝ፤ የላይኛውን ቃና ወደ ታች አወረደው፣ ሦስቱ ላይ አምጥቶ።
ሊጮህ የነበረው ዝቅ ብሎ ተናገረ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው፣
ዕንባ ሳያወጣ፣ ጉሮሮው ላይ ይዞ እንደሚያመላልሰው።

ተጨበጨበልኝ። ከፊት ወንበር ያሉት ፎቶ አነሡኝ፤
ግማሹን በፖስታ፤ «ቀሪው ለሰኞ ነው» ብለው አስፈረሙኝ።
የጎደለች ክሬን ያየ ሰው አልነበር፣ ቢያይም አልነገረኝ።

ማታ ከረንቡላ ቤት።
ሸዋረጋ መጣች መድኃኒት ቤት ዘግታ፤ ጌጤነህ ባጃጁን ከደጅ አስጠግቶ፤
ወንድይፍራው ደግሞ ከሱፉ ፋብሪካ፣ ፀጉሩ ላይ ብናኝ ነጭ፣ እንደ እኔው ተቀብቶ።
እዚህ «እስቲ ተጫወቺ» የሚለኝ ሰው የለም፤ ሣጥኔ ከጠረጴዛው በታች ይተኛል፤
የደብረ ሲና ቆሎ በጭብጥ ይሻማል፤ ጌጤነህ በነጥብ ያጭበረብራል፤
ሸዋረጋ ይዛው፣ ዱላውን ቀምታ፣ «ምለሃላ!» ትላለች፣ ይምላል፣ ይዋሻል።

ወንድይፍራው ጎኔ ነው። ሃያ ዓመት ከመኪና ጋር ኖሮ ቀኝ ጆሮው ደንቁሯል፤
ሹክ ያለኝ መስሎት፣ ቤቱን እያናጋ፦
«ቀጭኗ ተበጠሰች፣ አይደል?»
«በምን አወቅህ?» አልኩት፣ ወደ ግራው ዞሬ።
«ከኋላ ነበርኩኝ። በዓይኔ ነው የሰማሁ። ክር ነው እንጀራዬ።
እኛ ዘንድ አንዷ ክር ከተበጠሰች መኪናው ይቆማል፤
እስክትቋጠር ድረስ ያ ሁሉ ጩኸት ዝም ይላል።
አንቺ ዘንድ አልቆመም።»
ቆሎ ዘገነና፣ አኘከ፣ ቆየና፣ ከንፈሩን ጠረገ፤
«ስምሽን ያወጡት ቆጥረው ነው መሰለኝ፤
በሦስትም እልፍ ነሽ።»

ደግሞ እጁን ዘረጋ። የተበጠሰችው ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ሰጠሁት፤
ምላሱን ነክሶ፣ በዚያ ሻካራ ጣት፣ ሁለቱን ጫፍ አጋጥሞ፣ በሸማኔ ወግ ቋጠራት።
ቋጠሮ ያለበት ክር ቫዮሊን አይወድም፤ ነገ አዲስ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሳፈሬ አይቀርም።
አልነገርኩትም።
ሣጥኔ ውስጥ አለች፣ ከሙጫዬ ጎን።